ተጠሪነቷ ለእኔ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝና በሩን ዘጋ። እስከ ዛሬ ያ በር ለእኔ፣ ለብቸኛዋ የሥልጠና ክፍል ሠራተኛ፣ ተዘግቶልኝ አያውቅም። ነገሩ ግን ደግ ነገር ነው። ድርጅቱ ሠራተኛው በየስልኩና በየኮምፒውተሩ የሚማርበት ሲስተም ገዝቷል። ከእንግዲህ የሊፍት ጥገናውም፣ የደኅንነቱም፣ የደንበኛ አያያዙም ሥልጠና እዚያ ላይ ነው የሚሆነው።

"መጀመሪያ ግን ሲስተሙ እኛን ማወቅ አለበት" አለኝ። "የትኛው ክፍል የት እንዳለ፣ ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ። መዋቅሩን አንቺ ታስገቢዋለሽ። ሰዉን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።"

ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። መንገዱን ሁሉ ያቺን ቃል እያላመጥኩ መጣሁ። ማታ ለሚጣ ስነግራት "ሹመት ነው ሸክም?" ብላ ሳቀች። እህቴ ሁሉን ነገር ቀልድ ታደርገዋለች። እዚያው ድርጅት ያስገባኋት እኔ ነኝ። ጥሪ ክፍል ናት፤ ሊፍት ቆሞበት ውስጥ የቀረ ሰው ሲደውል "አይዞዎት፣ እየመጣን ነው" የምትለው እሷ ናት። ሳቅ የሚያበዛው ሥራዋ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ሲስተሙ ግትር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የቅርብ ኃላፊ ካልሞሉለት ቀይ መስመር ያሰምርና አላሳልፍም ይላል። ሾፌሩን ሁለት ኃላፊዎች "የኔ ነው፣ የኔ ነው" ተባባሉበት። የጽዳት ሠራተኛዋን ግን ማንም የኔ ናት አላለም። ራሷን ብጠይቃት "እኔማ የሁሉም ነኝ፤ የማያዘኝ አለ?" አለችኝ። "የሁሉም" የሚል ምርጫ የለም። እስኪጣራ ከእኔ ሥር ላስገባት አሰብኩና ተውኩት።

ለሥራ አስኪያጁም ኃላፊ አምጪ አለኝ። ለሲስተሙ ሰዎች ደወልኩ። ስልክ የምታነሳው ሴትዮ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። "ከላይ ያለው ሰው ብቻ ባዶ ይሆናል" አለችኝ። ከሁሉ በላይ ያለው ብቻ ነው ማንም የማይኖረው ማለት ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ሚጣ ሱሪዋን ላሳጥርላት ወንበር ላይ ቆማ፣ እኔ መርፌ በአፌ ይዤ ተንበርክኬ፣ "እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አለች። ጥሪ ክፍል አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ ለሥራ የሚቀርብ ቤት አግኝታለች። ሁለት ክፍል ነው። አብረው ቢይዙት...

"እዚህስ ምን ጎደለሽ?" አልኳት።

"ምንም አልጎደለኝም። ነገሩ እሱ ነው እኮ እትዬ።"

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ወጣት ሲያወራ እንዲሁ ነው። አልጠየቅኳትም፤ ሱሪውን ጨረስኩላት።

እናታችን ስትሞት ሚጣ ገና የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ሰው "አታገቢም ወይ?" ሲለኝ "ሚጣን ላድርስ" እል ነበር። አሁን ማንም አይጠይቀኝም። ሚጣም ደርሳለች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ይህን ለማንም አልናገርም። ለደብተሬ ብቻ።

ሥራ አስኪያጁ የሠራሁትን መዋቅር አትሞ ይዞ መጣና በእስክሪብቶ አንዱን ሳጥን ሰረዘ። ጥሪ ክፍልን። "ከነሐሴ ጀምሮ ደንበኛ የሚደውለው ሽያጭ ጋ ነው። እዚያ ቁጭ ብለው የሚውሉ አሉ።"

"ሰዎቹስ?"

"ይታሰብበታል። እስከዚያ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። እህትሽም ብትሆን።" በሩን እንደያዘ ዞር አለ። "ለሥልጠና አንድ ረዳት ልፈቅድልሽ እችላለሁ። እሷን ብትወስጃት ቅር አይለኝም።"

አፉን ሳይዘጋ "እወስዳታለሁ" አልኩ።

ከቢሮው ስወጣ እግሬ መሬት የረገጠ አይመስለኝም ነበር። ከመስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ለእሷ ይሆናል፤ ብርሃን አለው። ምሳ አብረን እንበላለን። ከእንግዲህ የሌሊት ፈረቃ የለም፣ ስትገባ እየጠበቅሁ መስኮት ላይ መቆም የለም። ስለ ሌሎቹ ማሰብ የጀመርኩት ደረጃው ላይ ስደርስ ነው። ይህን እዚህ የጻፍኩት እውነት ስለሆነ ነው።

ብነግራት ለጓደኞቿ ትነግራለች። አለመንገሬ ለእሷው ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

እራት ላይ፦

"እትዬ፣ ክፍላችን ላይ የተጠነሰሰ ነገር አለ እንዴ? ጋሽ ሃሎ ይሸተኛል ይላል።" ጋሽ ሃሎ አብሯት ስልክ የሚያነሳ ነው።

"ምን ነገር?"

"አንቺ ነሽ እንጂ የምታውቂው።"

"ምንም የለም። ሾርባሽ ሳይበርድ ጠጪ።"

ዋሸሁ አይባልም። ያልተፈረመበት ነገር ገና የለም ነው የሚባለው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ስም ላረጋግጥ ጥሪ ክፍል ወረድኩ። ምድር ቤት ነው። ሦስት ስልክ፣ ግድግዳው ላይ በየሕንፃው ባለ ቀለም ስፒል የተሰካበት የከተማው ካርታ፣ ጥግ ላይ የሻይ ማፍያ፣ እጀታዋ በፕላስተር የተጠቀለለ። ጋሽ ሃሎ ስልክ ላይ ነበር። ክፍሉ ሲቋቋም ጀምሮ እዚያ ያለ ሰው ነው። ስልክ ባይዝም ሃሎ ይላል፤ ሰላምታውም ስንብቱም ሃሎ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት።

"ሃሎ፣ ልጄ፣ በሩን አትታገዪው" ይላል። "ሰው እየመጣ ነው። እኔም እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም። እስኪደርሱልሽ ወዴት ስትሄጂ እንደነበር አጫውቺኝ።"

ሲጨርስ ወረቀቴን አየና "እኛን የት አስቀመጥሽን? ሰማይ ቤት ነው ምድር ቤት?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ሚጣም።

"ገና ነው ጋሼ" አልኩ።

ሻይ ቀዱልኝ። ጠጣሁት። ስኳሩ በዝቶ ነበር፣ ወይም ለእኔ መስሎኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ክፍሉን ከመዋቅሩ አወጣሁት። ሰዎቹ ግን ሲስተሙ ውስጥ ተንጠልጥለው ቀሩ፤ ክፍል የሌለው ሰው አይቀበልም። እኔ ብቻ የማውቀው ጊዜያዊ ክፍል ከፈትኩና እዚያ ከተትኳቸው። ስም ስጪው አለኝ። ለራሴ ማስታወሻ እንዲሆነኝ "የሚዘጋ" አልኩት።

ሚጣን ብቻ ነጥዬ ወደ ሥልጠና ሳብኳት። ከስሜ ወደ ስሟ ቀጭን መስመር ወረደች። ብዙ አየኋት። ከእኔ ሥር ማንም ኖሮ አያውቅም። ሥራ ላይ ማለቴ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

ጥድፊያ። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ለቦርድ አሳያለሁ ይላል። ሁሉንም ሰው ዛሬ ሲስተሙ ላይ መጫን አለብኝ። መብራት ሄደ፣ መጣ። የሲስተሙ ሴትዮ ስልክ ላይ፤ መስመሩ ይቆራረጣል። "ሲያስቀምጡ መልእክቱን..." ስትል ሰማሁ። እሺ፣ እሺ አልኳት። አስቀምጥ። አረንጓዴ ሆነ። ተገላገልኩ!

ሚጣ ዛሬ በጊዜ ትገባለች። ፓስታ እሠራለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ከየት ልጀምር። ካልጻፍኩት ለማን እናገረዋለሁ።

ትናንት እራት ላይ ሁለታችንም ስልካችን አንድ ላይ ጮኸ። ሚጣ ሹካዋን እንደያዘች ከፈተችው፤ ጮክ ብላ አነበበች። "እንኳን ወደ መማሪያ መድረካችን በደህና መጡ! ክፍልዎ፦ ሥልጠና። የሥራ መደብዎ፦ ረዳት። ተጠሪነትዎ ለ፦" ካለች በኋላ የኔን ስም ከነአባቴ ጠራችው። ሳቀች።

"ጉድ ነው! ተሳስተሻል እትዬ። እኔን አንቺ ጋ ጥደሽኛል።"

እኔ ገና የገባኝ ነገር አልነበረም። ሲስተሙ ሰው በተጫነ ቁጥር ለዚያ ሰው በራሱ ይልካል። ሴትዮዋ ልትነግረኝ የነበረው ይህን ነው። እሺ እሺ ያልኩት ይህን ነው።

ከዚያ ስልኳ ጠራ። ጋሽ ሃሎ ነው፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ከጠረጴዛው ማዶ ይሰማኛል። "ሃሎ፣ ልጄ። መልእክት መጣልኝ። 'እንኳን ደህና መጡ፣ ክፍልዎ የሚዘጋ' ይላል። የክፍላችን ስም ተቀየረ እንዴ? ለሌሎቹም እንደዚሁ ነው የመጣላቸው።"

"መልሼ ልደውልልህ ጋሼ" አለች። ስልኩን በግንባሩ ደፋችው።

"እትዬ፣ የሚዘጋ ምንድን ነው?"

ሳህኗን ወደ እሷ ጠጋ አደረግሁት።

"ሁላችንም ነን?"

"አንቺ የለሽበትም!" አልኩ ቶሎ ብዬ። ላጽናናት ነበር። እስከዚያች ቃል ድረስ ፊቷ ላይ የነበረው ድንጋጤ እንጂ ቁጣ አልነበረም።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"በቅርቡ ነው።"

"ሾርባሽን ጠጪ ያልሽኝ ቀን ታውቂ ነበር?"

"ሚጣ፣ ለማንም አትናገሪ ተብዬ ነው። ደግሞም ላንቺ ብዬ ነው፣ ከሥራ እንዳትወጪ..."

"እኔን ጠይቀሽኛል?"

"ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ምስጢር ነው እያልኩሽ።"

"እሺ፣ ነገ ምን ብዬ ፊታቸውን ልይ? እህቷ ቀድማ አወጣቻት፤ ይቺም እያወቀች አብራን ሻይ ስትጠጣ ነበር አይሉኝም?" ድምፅዋ ከፍ አላለም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ቤት ውስጥ እሺ። ሥራ ቦታም ከአንቺ ሥር?"

ያለኝ ቃል ሁሉ "ፓስታው ቀዘቀዘ" የሚል ብቻ ነበር፤ እሱንም አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ልብሷን በሁለት ቦርሳ ይዛ ጓደኛዋ ጋ ሄደች። እየዘነበ ነበርና ዣንጥላ ይዤላት ወጣሁ። አልተቀበለችኝም። ጥግ እስክትዞር ድረስ በር ላይ ዣንጥላውን እንደዘረጋሁ ቆሜ፣ እኔ ደርቄ እሷ ስትረጥብ አየሁ።

ለጥቂት ቀን ነው። ንዴቷ ይበርዳል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሥራ አስኪያጁ ይቆጣል ብዬ ሳልተኛ ነው ያደርኩት። "የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም" አለ። "እንዲያውም እኔን ከመናገር ገላገልሽኝ።" ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ለምን ፈገግ አልኩ?

"የሚዘጋ" የሚለውን ወደ "ጊዜያዊ" ቀየርኩት። አሁን ማን ያየዋል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ምሳ ቤት ሳህኔን ይዤ ስጠጋ ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ባዶው ወንበር ላይ አንዷ ቦርሳዋን አስቀመጠች። "ተይዟል።" ቆሜ የምበላበት መደርደሪያ መስኮቱ ጋ አለ፤ አይከፋም፣ ውጭውን ያሳያል።

መጸዳጃ ቤት፣ ከተዘጋው በር ኋላ ሆኜ የሰማሁት፦

"ለእህቷ ያላዘነች ለኛ ልታዝን?"

"ማን አላዘነችም አለሽ? ለእሷ ብቻ እኮ ነው ያዘነችው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔው ባዳ አልሆነልኝም። እስኪወጡ ውኃ ሳላወርድ ጠበቅሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ሚጣ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም፤ እኔ ታላቅ ነኝ።

ቤቱ ንጹሕ ነው። የሚያቆሽሸው የለም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ኮርሶቹን ለየክፍሉ መደልደል ጀመርኩ። ለሲስተሙ ሴትዮ ሦስቴ ደወልኩ። ሁለቱን ጥያቄ መልሱን አውቀው ነበር። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ "ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖር ይሆን?" ትላለች። "የለም" አልኳት፤ ግን አልዘጋሁም። እሷም ወዲያው አልዘጋችም። "ዝናቡ እናንተም ጋ ነው?" አለችኝ። "ነው" አልኳት። ጥሩ ሴት ናት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ሚጣ ዛሬ ቢሮዬ መጣች።

በሩን ሳታንኳኳ የምትገባ ልጅ አንኳኳች። "ይግቡ" አልኩ ሳላያት። ቀና ስል ጸጉሯን አሳጥራዋለች። ያምርባታል። ሳትነግረኝ ጸጉሯን ተቆርጣ አታውቅም።

"ሚጣ! ቁጭ በይ። ምሳ..."

"አመሰግናለሁ፣ አልቀመጥም" አለች። "ከእርስዎ ክፍል እንዲያስወጡኝ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

እርስዎ አለችኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

"ወዴት ላውጣሽ? ሌላ ቦታ የለሽም እኮ።"

"ከሰዎቹ ጋር። ጊዜያዊ ነው አሉ አሁን ስሙ።"

"እነሱ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ቤታችሁ ጠብቁ ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ሚጣ፣ ቂም ይዘሽ ራስሽን አትጉጂ። እኔን መቅጣት ከፈለግሽ ሌላ መንገድ ፈልጊ።"

"እርስዎን ለመቅጣት አይደለም።" አይኗ ቀላ፣ ግን አልተነቃነቀችም። "እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። ሲጀመርም ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ራሴ እየጠየቅሁ ነው።"

ሥራ አስኪያጁን ላስፈቅድ ማለት እችል ነበር። ነገ ነይ ማለት እችል ነበር። ግን እስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩትና እያየች ስሟን ያዝኩ፣ ከሌሎቹ ጋር ወስጄ አስቀመጥኩት። መስመሯ ከኔ ተቆርጣ ተነሳች። ሲስተሙ አስቀምጥ አለ። አስቀመጥኩ።

"አመሰግናለሁ" አለችና ወጣች።

እርስዎ ያለችኝ ሰው ስላለ ነው። በሩ ክፍት ስለነበረ ነው። ተነስቼ አየሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ራስ ምታት። ሥራ ገባሁ፣ ወጣሁ።

አልጋዋን አንጥፌ፣ ፈትቼ፣ እንደገና አነጠፍኩት። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ሂሳብ ክፍል ሊወስዱት መጡ። "ትፈልጊዋለሽ?" ሲሉኝ "ውሰዱት" አልኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ጥሪ ክፍል ተዘጋ። በደረጃው ሳልፍ የካርታውን ስፒሎች ማንም ሳይነቅላቸው በሩ ተቆልፏል። ስልኮቹ ሽያጭ ገብተዋል። የደንበኛ አያያዝ ኮርሱን ለሽያጭ ሠራተኞች ከፍቼላቸዋለሁ። እስካሁን የጨረሰ የለም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ጉድ ወጣ። ትናንት ከሰዓት መውለጃዋ የደረሰ ነፍሰ ጡር ሊፍት ቆሞባት ደወለች። ሽያጭ ያነሳው ሰውዬ "ሊፍት ነው፣ አንዱ ሕንፃ ውስጥ ነኝ" ስትለው ሊፍት ልትገዛ መስሎት አድራሻዋን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ የዋጋ ዝርዝር ላከላት። ደግማ ስትደውል መስመሩ ተይዟል። ባሏ ከቢሮው ሮጦ መጥቶ፣ የሕንፃው ጥበቃ በብረት በሩን ፈልቅቆ ነው ያወጧት። እሷም ልጁም ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

መጀመሪያ ሁሉም ስለ ዋጋ ዝርዝሩ ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣ። ከዚያ እዚያ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ስልኳን ይዛ "አይዞዎት" የሚላት ስትጠብቅ ታየችኝና ቶሎ ወደ ቢሮዬ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ባልየው ትልቅ ደንበኛ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ከጆሮው አላወረደም። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ጠራኝ፤ በሩን አልዘጋም።

"ጥሪ ክፍልን ወደነበረበት መልሺው።"

"ሰዎቹን ማን ያናግራቸዋል?"

"ሲስተሙ መልእክት ይልክ የለ እንዴ?"

"አይሆንም" አልኩ። ከአፌ መውጣቱን ሳየው ራሴም ደነገጥኩ። "በመልእክት ነው ያስወጣናቸው። እኔ በየቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። እሺ ካሉ ነው የምመልሳቸው።"

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። "ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከዛሬ።"

"እንደፈለግሽ" አለ። እንደፈለግሽ ሲል አለመውደዱን አውቃለሁ። "ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም" ከእንግዲህ አይለኝም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ጋሽ ሃሎ ቤት። በር ላይ ቆሞ የሕፃን ብስክሌት ጎማ ይነፋል። ሲያየኝ "ሃሎ" አለ፤ የትኛው ሃሎ እንደሆነ፣ የሰላምታው ይሁን የስንብቱ፣ አልለየሁትም።

"ጋሼ፣ ተመለሱ ተብላችኋል።"

"ማን አለ?"

"ድርጅቱ።"

"ድርጅቱ እግር አውጥቶ ነው የመጣው?"

"እኔ ነኝ የመጣሁት። ያንን ስም የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እናንተ እንድታዩት አልነበረም..." እዚህ ላይ ቆምኩ፤ ምክንያቱም እንዳያዩት መጻፌ ከማየታቸው የባሰ መሆኑ ስናገረው ታወቀኝ። "ይቅርታ ጋሼ።"

ጎማውን ጨምቆ አየው፤ ጠንክሯል። "ግቢ፣ ሻይ አለ" አለኝ።

ሻይ እየጠጣን ሌሎቹ እንደሚመለሱ ነገረኝ፤ ተመካክረዋል፤ ደውሎ ያረጋግጥልኛል። "እህትሽ ግን አትመለስም። አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ገብታለች። ሁለት ሳምንት ሆናት። ነግራሽ የለ?"

"ነግራኛለች" አልኩ።

ሻይ ጨመረልኝ፤ ስኳሩንም ወደ እኔ ገፋው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

በራሱ መልእክት የሚልከውን ምልክት አጠፋሁ። ሁለቴ፣ ሦስቴ አረጋገጥኩ። ከዚያ ጥሪ ክፍልን መልሼ ከፈትኩ፤ አንድ በአንድ ስማቸውን ወደ ቦታቸው መለስኩ። ጋሽ ሃሎን ኃላፊ አደረግሁት፤ ጠይቄው ነው፣ "ሃሎ" ብሏል።

የሚጣ ስም ብቻዋን ቀረች። ሲስተሙ ሰው አይሰርዝም፤ "ለቅቃለች" ይላል እንጂ። ስሟ ግራጫ ይሆናል። እርግጠኛ ነዎት? አለኝ።

ለሴትዮዋ ደወልኩላት። "ግራጫ የሆነ ሰው ይመለሳል?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ራሱ ከተመለሰ፣ አዎ" አለች። "እርስዎ ግን ሊመልሱት አይችሉም።"

ስለ ሲስተሙ ነው የምታወራው። አመስግኜ ዘጋሁ። አዎ የሚለውን ተጫንኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ከሚጣ መልእክት፦ "ጋሽ ሃሎ ነገረኝ። እሑድ ከሰዓት ክፍት ነኝ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር።"

ምን ነገራት? መምጣቴን ነው? ነግራኛለች ማለቴን ነው?

ምን ይዤ ልሂድ። ብርድ ልብስ? የላትም ብዬ ያሰብኩ ይመስላል። ፍራፍሬ ይበቃል። ብርቱካን።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ሰማያዊው በር ጋ ቀድሜ ደርሼ ዳቦ ቤቱን ሁለቴ ዞርኩት። ባለ ዳቦ ቤቱ ሌባ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ የልብስ ገመድ፣ መስኮቱ ሥር በራሷ እጅ ቀለም የቀባችው ትንሽ ጠረጴዛ፤ ቀለሙ እኩል አልተዳረሰም። አይኔ መጋረጃው ላይ አረፈ፤ በአንድ በኩል ረዝሟል፣ ላጥፈው ልል ነበር። አልኩት ማለቴ አይደለም፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

"ብርቱካን!" አለች። "ትናንት ነው ያማረኝ።" ሻዩን እሷ ቀዳች። እኔ ተቀምጬ ሲቀዳልኝ ማየት አልለመደብኝም፤ እጄን የት እንደማደርገው አጣሁ። ስለ ክሊኒኩ አወራችልኝ። ካርዱ የጠፋበት ሰው ሁሉ እሷን እንደሚሰድብ፣ ሲገኝ ደግሞ ሁሉም እንደሚመርቃት። ሳቅን። ስለ ሐምሌ አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ ልጣጩን እየላጠች፣ ሳታየኝ፣ "ያን ቀን ቢሮሽ እንደዚያ በመናገሬ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ" አለች። "ግን ሌላ እንዴት እንደሚባል አላወቅሁም።"

"ጸጉርሽ ያምራል" አልኳት። ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ነው።

በሩ ተንኳኳና የቤቱ ባለቤት የሆኑ እናት ገቡ፣ የተበደሩትን ማጥለያ ሊመልሱ። በስሟ ጠሯት። ለአፍታ ማንን እንደጠሩ ግራ ገባኝ፤ ከናታችን በኋላ እቤት ውስጥ በዚያ ስም የጠራት የለም። ወደ እኔ ዞሩ። "ይቺስ ማናት?"

ምን እንደምትል ጠበቅሁ። እንዲህ ጠብቄ አላውቅም።

"እህቴ ናት" አለች። "ያሳደገችኝ።"

"አይ መመሳሰል!" ሴትዮዋ ሁለታችንንም አዩን። "ታዲያ ምነው፣ ሁለት እህትማማች አንድ ከተማ ውስጥ ለየብቻ? አብራችሁ አትኖሩም?"

"ኖርን እኮ እማማ" አለች። ክፉ አላለችውም። ፈገግ ብላ፣ ትከሻዬን በአንድ እጇ ያዝ አድርጋ ነው ያለችው። "ኖርን።"

ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ ሻዬን ጨረስኩ። ቀዝቅዞ ነበር። ሲመሽ አልወድም ብዬ ተነሳሁ፤ እውነቱን ለመናገር ገና አልመሸም ነበር።

እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። የሹራቧ የላይኛው ቁልፍ ተከፍቷል፤ እጄ ተነሳ፣ ግማሽ መንገድ ላይ መለስኩት። አየችኝ። ቁልፉን ግን አልዘጋችም።

ታክሲው ሲቆም "ስትደርሺ ደውዪልኝ" አለችኝ።

ዕድሜ ልኬን ይህን የምለው እኔ ነበርኩ። እሷ "እሺ እትዬ" ትላለች፤ ትረሳለች፤ እኔ ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ።

"እሺ" አልኳት።

ቤት ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ። ገና አንዴ ሲጠራ አነሳችው።